ከብትን ከቫይረስ በሽታ ስለሚጠብቀው የዘር ለውጥና ስለ ፎገራ ላም
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ከብት ነው። በባሕር ዳር በየቢሮው የሚሠራ ሰው፥ ስለ ከብት የሚነገረው ለገበሬው እንጂ ለእኔ አይደለም ብሎ እንዳያስብ አስቀድሜ አሳስባለሁ። ከእናንተ መካከል በግቢው አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ላም አስሮ ልጆቹን ወተት የሚያጠጣው ጥቂት አይደለም፤ ላም የሌለውም ቢሆን የሚጠጣው ወተት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚህም በላይ ጉዳዩ አንድ ቀን በደብዳቤ መልክ በጠረጴዛችሁ ላይ ሊቀርብ የሚችል ነው። ይኸውም ሊቃውንት የእንስሳትን ዘረመል ለውጠው አንዳንድ የቫይረስ በሽታ እንዳይዛቸው ለማድረግ መቻላቸው ለጣና ዳር ከብት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ለይቼ ካልገለጥሁ በቀር በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን ከከብት በሽታ ሁሉ አብልጠው የፈሩት ስሙ ደስታ፥ ግብሩ ግን ኀዘን የሆነውን ነበር። ይህ በሽታ በ1887 የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋራ ገባና ደጋ ቈላ ሳይል አገሩን አዳረሰ። ከዐሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ብለው የጻፉ አሉ። በሬው ሲያልቅ እርሻው ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበትና በእኛ አቈጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን «ክፉ ቀን» አመጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለሕዝቡ አርኣያ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥትን ዶማ ያስጨበጠው በዐይን የማይታይ ቫይረስ ነበር።

ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በሰኔ 2011 ፈጽሞ መጥፋቱ በዓለም ፊት ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ አገር በርካሽ ዋጋ በብዛት ሊሠራ የሚችል ክትባት አዘጋጀ፤ በአገራችንም በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ይህንኑ ክትባት ሲሠራ ኖረ። ችግሩ ክትባቱ ሙቀት አለመቻሉ ነበር፤ በረዶ ይዞ ወደ ቈላ የሚወርድ ከታቢ ከብቱ ዘንድ ሳይደርስ በረዶው ይቀልጥበታል። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ ግን በአፋር ሥልጠና የተሰጣቸው አርብቶ አደሮች ራሳቸው እየዞሩ መንጋቸውን ከተቡ። ከ1995 በኋላ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የአንዲት ላም ዘር አልተለወጠም።

እንግዲያውስ አዲሱ ጥበብ ለምን ተፈለገ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ቫይረስ ሁሉ እንደ ደስታ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ መልኩን እየለዋወጠ ክትባቱን ያመልጣል፤ አንዳንዱም በማሕፀን ሳለ ጥጃውን ይይዘውና ጥጃው ከተወለደ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በሽታውን ሲዘራ ይኖራል። በአሜሪካ እንዲህ ላለው የከብት የተቅማጥ ቫይረስ ክትባት ከተገኘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በሽታው ዛሬም አልጠፋም።

ቫይረስ ብቻውን ሊራባ አይችልም፤ በእንስሳው ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። ለመግባትም በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለ አንድ ፕሮቲን ጋራ፥ ቍልፍ ከቍልፍ መክፈቻው ጋራ እንደሚገጥም፥ መግጠም ይኖርበታል። የአሜሪካ ሊቃውንት የተቅማጡ ቫይረስ የሚገባበትን ፕሮቲን ለይተው ካወቁ በኋላ ከተሠራባቸው ቅንጣቶች መካከል ስድስቱን ብቻ በሌላ ተኩ። በሐምሌ 2021 ጂንጀር የተባለች ጥጃ ተወለደች። ከታመመ ጥጃ ጋራ አንድ ሳምንት በአንድ ቤት አኖሯት፤ የበሽታው ምልክት አልታየባትም። ይህም በ2023 ታትሞ ወጣ። ለእኛ ልብ የሚባለው ነገር ደግሞ ጥጃዪቱ የጊር ዘር መሆንዋ ነው፤ ጊር እንደ እኛ አገር ከብት ሻኛ ያለው፥ ሙቀት የሚችል የሕንድ ከብት ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ጥጃ አንዲት ጥጃ ናት፤ በእርስዋ ብቻ ስለ መንጋ መፍረድ አይቻልም። በዐሣማ በኩል ሥራው ከዚህ ርቆ ሄዷል፤ የመተንፈሻ በሽታ የማይዛቸውን ዐሣሞች ለምግብነት እንዲውሉ የአሜሪካ መንግሥት በሚያዝያ 2025 ፈቀደ።

በስኮትላንድ አገር በዶሮ ላይ የተደረገው ፈተና ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። የወፍ ጉንፋን የሚጠቀምበትን አንድ ፕሮቲን ለውጠው፥ የተለመደውን ያህል ቫይረስ ለዐሥር ዶሮዎች ቢሰጡ ዘጠኙ ሳይያዙ ቀሩ። መጠኑን አንድ ሺሕ ጊዜ አብዝተው ቢሰጡ ግን ከዐሥሩ አምስቱ ተያዙ፤ ቫይረሱም ራሱን ለውጦ የዚያኑ ፕሮቲን ወንድሞች መጠቀም ጀምሮ ተገኘ። በሩ ቢዘጋበት በመስኮት ገባ ማለት ነው። ይህን ያሳተሙት ፈታኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህም ይመሰገናሉ።

አሁን ወደ ጣና ልመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጣና በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው አገር ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ያልታወቀ በሽታ ታየ። የከብቱ ቆዳ እንደ ለውዝና ከዚያም በሚበልጥ እብጠት ይሞላል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ወተት ይነጥፋል፤ የእርሻ በሬም ከቀንበር ይወጣል። ከብቱ ቢድን እንኳ ቆዳው ለገበያ አይሆንም። ይህ በሕዝቡ ዘንድ ጕርብርብ የሚባለው በሽታ ነው። ምክንያቱ ከፈንጣጣ ወገን የሆነ ቫይረስ ሲሆን የሚያዛምተውም ተናካሽ ዝንብና ትንኝ ነው፤ ዝናም አልፎ ሜዳው ረግረግ በሚሆንበት ጊዜ የጣና ዳር ሰው ዝንብን ለማንም አያስተምርም።

በ2011 የታተመ በአገራችን የተደረገ ጥናት የዚህን በሽታ ጉዳት በገንዘብ ተምኖታል፤ ለአንድ የአገር ከብት በዓመት 6 ዶላር ከ43 ሳንቲም፥ ለአንድ የፈረንጅ ወይም ዲቃላ ከብት ግን 58 ዶላር። ዲቃላዪቱ ብዙ ስለምትታለብ የሚቀረውም ወተት ብዙ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ በሽታው በእርስዋ ላይ መክፋቱ ደግሞ ሌላው ነው። በግቢያችሁ ላም ያሰራችሁ ሰዎች ይህን ቍጥር እንድታስቡት እፈልጋለሁ። ክትባቱስ? ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው ክትባት ከኬንያ የተገኘ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ዘር ነበር፤ በ2015 የታተመ በአገራችን የተደረገ ሙከራ ይህ ክትባት ከብቶቹን በሚገባ እንዳልጠበቃቸው፥ ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ግን እንደ ጠበቃቸው አሳየ። ገበሬው «ተከትቦም ሞተ» ሲል ሐሰት አልተናገረም።

እንግዲህ ዘረመሉን ለውጠን ጕርብርብን እንከላከል የሚል ቢመጣ፥ የመጀመሪያው እክል ከቫይረሱ ይነሣል። የፈንጣጣ ወገን ቫይረስ አካለ ሰፊ ነው፤ ለመግባትም በአንድ የታወቀ በር ብቻ የሚተማመን አይደለም። ለጂንጀር የሠራው ብልሃት እንዳለ ተወስዶ ለእርሱ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ ለጕርብርብ ክትባቱን ማሻሻልና በጊዜው ማዳረስ ይቀድማል፤ ይህን ትቶ አዲሱን ላም መጠበቅ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» ያለው ሰው ነገር ነው። እንደ አፍተግርና እንደ በግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ላሉት ሌሎች ግን ምርመራው ይቀጥል፤ የእኛም ወጣት ሊቃውንት ከዚህ ትምህርት ሩቅ ሊሆኑ አይገባም።

ሁለተኛው እክል የእኛው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ዘረመል የሚለውጥ ሊቅ ላም አይፈጥርም፤ ያለችውን ላም ተቀብሎ አንድ ነጥብ ያርማል። የቀረውን ሁሉ፥ ሙቀት መቻሉን፥ በድርቆሽ ማደሩን፥ ውሃ በተኛበት ሜዳ ቆሞ መዋሉን፥ ላሚቱ ራስዋ ይዛ መምጣት አለባት። በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ይህን ሁሉ ይዞ የሚገኘው የፎገራ ከብት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጕርጕር፥ ቀንዱ አጭር፥ ሻኛው ትንሽ፥ ጠባዩ ገራም፥ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን። የፎገራ ሜዳ ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ በሄደው የሩዝ እርሻ እየተያዘ ግጦሹ ጠቧል። ሩዙ ለገበሬው ትልቅ ጥቅም ስለ ሰጠው ይህን በመናገሬ እርሻውን የነቀፍሁ አይምሰላችሁ። ከደጋ የሚወርደው ወይፈንም ከፎገራ ላም ጋራ ስለሚደባለቅ ጥሩ የፎገራ ዘር የሚባለው ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንዳሳ ይገኛል። በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል የፎገራን ዘር ሲጠብቅ ኖሯል። ቢሾፍቱ ደስታን የሚያጠፋውን ክትባት ለመሥራት ሲነሣና አንዳሳ ላሚቱን ለመጠበቅ ሲነሣ ዓመቱ አንድ መሆኑ የሚገርም ነው። የአንዱ ሥራ ፍሬ በዓለም ፊት ታውጆ ታየ፤ የሁለተኛው ሥራ ግን መንጋው ሳይጠፋ በመኖሩ ብቻ የሚታወቅ ስለ ሆነ ለበጀት ጥያቄ ሲቀርብ በጣም አንደበተ ርቱዕ አይደለም።

ሕጉን በሚመለከት የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 በ2001 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 896 ተሻሽሏል። ዘረመሉ የተለወጠ ፍጥረት ወደ አገር እንዲገባ ወይም እንዲራባ የሚፈልግ ሁሉ በዚህ በኩል ማለፍ አለበት፤ በጥጥ በኩልም በ2018 ፈቃድ ተሰጥቷል። የከብት ማመልከቻ የመጣ ዕለት፥ መርማሪው ቫይረሱ የቱ ነው፥ ክትባት አለውን፥ በሩ ቢዘጋበት ቫይረሱ ሌላ በር የማግኘት ኀይሉ ተፈትኗልን ብሎ ይጠይቅ። ለውጡ የሚደረግበት ከብት የማን አገር ከብት እንደ ሆነም ይጠይቅ። ከውጭ አገር ላም ላይ ተሠርቶ የመጣ ከሆነ፥ ከአንድ ቫይረስ የተጠበቀች ላም በጣና ዳር ዝንብና ረግረግ ላይ ስንት ክረምት እንደምትቆይ ከመፈቀዱ በፊት በአንዳሳ ሜዳ ይታይ። በፎገራ ላይ ይሠራ የሚል ከሆነም ለዚያ የሚበቃ፥ ወላጆቹ በመዝገብ የታወቁ የፎገራ ኮርማና ላም በቍጥር ስንት እንደ ቀረ የሚገልጥ ዝርዝር ከማመልከቻው ጋራ ተያይዞ ይቅረብ።