እስቲ አንብብልኝ
(በሐዴራ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ስለ ልጆቻችን ትምህርት ጥራት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ጥራት ትልቅ ቃል ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ከምናውቀው ትንሽ ትምህርት ቤት ልጀምር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎንደር ገጠር፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ የኔታ፣ ሃያ የማንሞላ ልጆች። መቀመጫችን ድንጋይ ነበር። ከመካከላችሁም እዚያ የተማረ ወይም ልጁን የላከ ይኖራል፤ ማፈር አይገባም። ለቤተ እስራኤል መንደሮች የራሳቸው ትምህርት ቤት እንዲኖር ብዙ ተደክሟል። በ1955 እ.ኤ.አ. ልጆች ወደ ክፋር ባቲያ መጥተው ተምረዋል፤ ተመልሰው አስተማሪ የሆኑም አሉ። አቶ ዮና ቦጋለም ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን ሁሉም መንደር አልደረሰውም። በእኛ መንደር የነበረው የኔታ ብቻ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤትን ላወድስ አልቆምኩም። ዳዊት ስንደግም የግዕዙን ትርጉም አናውቅም ነበር። ሒሳብ የለም፤ አለንጋ ግን አለ። ሴቶች ልጆች ከቤት ይቀሩ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ሳይሰማ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደል አወቀ አይባልም። የኔታ ወደ አቡጊዳ ይወስዱታል፤ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ተራው ስለሚዘበራረቅ በቃል የያዘው እዚያ ይታወቃል። አቡጊዳን ያልለየ ፊደለ ሐዋርያ አይጀምርም፤ ማንበብ ያልቻለም ዳዊት አይሰጠውም። አባቴ አንድ ፊደል አያውቁም ነበር። ማታ ግን ከእሳቱ ዳር ሆነው «እስቲ አንብብልኝ» ይሉኛል። ስደናቀፍና ሲፈስልኝ በጆሯቸው ይለዩታል።

እዚህ አገር ስመጣ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ነው፤ ኮምፒዩተር አለው፤ ትምህርት ግዴታም ነው፤ የመማሪያ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ልጁም በየዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ክፍል ይቀይራል። እኔ የተታለልኩት በዚህ ነው። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔም ነውና። አስተማሪዋ «ሀኮል በሴዴር» ትለኛለች፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ፈርም ሲሉኝ እፈርማለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ገጽ ማንበብ እንደማይችል አወቅሁ። የታችኛውን ክፍል መጻሕፍት በቃሉ ይዟቸው ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ «እስቲ አንብብልኝ» አላልኩትም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የእኛ ፊደል ድምፁን በላዩ ይዞ ይሄዳል፤ ሰ ሌላ፣ ሱ ሌላ፣ ሲ ሌላ ነው። ዕብራይስጥ 22 ፊደላት አሉት፤ አናባቢውን የሚያሳዩት ኒኩድ የሚባሉት ነጥቦችና ጭረቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ኒኩድ አለ፤ ከዚያ ይነሣል። ሰ፣ ሱ፣ ሲ ሁሉም በአንድ «ስ» ተጽፎ አንብቡ እንደማለት ነው። ቋንቋውን በቤት የሚሰማ ልጅ ቃሉን ገምቶ ያልፋል፤ የእኛ ልጅ ግን እዚያ ይቆማል። ስንፍና አይደለም፤ በጊዜ ካልተሰማ ግን ስንፍና ይባልበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በየማታው ዐሥር ደቂቃ ልጁን አስነብቡት። ዕብራይስጥ ባታውቁም ጆሮ አላችሁ። እንደ አቡጊዳው ከመካከል፣ ያላየውን ገጽ ግለጡለት። ከዚያ «ምን ይላል?» ብላችሁ በአማርኛ አስነግሩት። የኔታ ያልጠየቁን ይህን ነበር። አማርኛውም በዚያው ይጠበቅለታል።

ሁለተኛ፣ የወላጆች ቀን ሲጠሯችሁ «ጎበዝ ነው ወይ?» ብላችሁ አትመለሱ። «ያለ ኒኩድ ያነባል ወይ? ከክፍሉ ጋር እኩል ነው ወይ? ካልሆነስ ምን እርዳታ ታደርጉለታላችሁ?» በሉ። አስተርጓሚ ወይም መጋሼር እንዲኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ ራሱ አያስተርጉም፤ ተከሳሹም አስተርጓሚውም እርሱ ይሆናልና።

ሦስተኛ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። በተለይ ልጃችሁን ወደ ልዩ ትምህርት፣ ሒኑኽ ሜዩሐድ፣ ለመላክ ከታሰበ እርጋታ ያስፈልጋል። ለሚያስፈልገው ልጅ መልካም ነው፤ ቋንቋ ብቻ ለጎደለው ግን ቦታው አይደለም። የ1988ቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲደመጥ፣ ውሳኔውን ካልተቀበለም ይግባኝ እንዲል መብት ይሰጠዋል።

«እኛ ያልተማርን ነን፣ ምን እናውቃለን?» አትበሉ። ዳዊት የደገማችሁ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜልን በመዝሙር 118 ላይ እዚያው አገራችሁ አግኝታችኋቸዋል። ያልደገማችሁም የአባቴን ያህል ታውቃላችሁ።

ዛሬ ማታ ከቤት ስትገቡ፣ ከራት በፊት ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አንድ ቃል በሉት፤ «እስቲ አንብብልኝ»።

 ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ።