ክበብ እንግባ ወይስ ብቻችንን እንንዳ?

(በንባብ ክፍል ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን ወደ ባሕር ዳር የመጣን ተማሪዎች ነን። ማታ ማታ ከናንተ ጋር ፊደል ስንቆጥር፣ ስናነብ፣ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ብስክሌት ነው። ከትምህርት በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ስንጫወት ደጋግማችሁ ያነሣችሁት ጉዳይ ስለሆነ ነው። «በሰፈራችን የብስክሌት ክበብ ሊቋቋም ነው፤ እንግባ ወይስ እንደ ልማዳችን ብቻችንን እንንዳ?» ብላችሁናል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ብስክሌት ለአንዱ መዝናኛ ሲሆን ለሌላው የእንጀራ ገመድ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አይቻልም።

ባሕር ዳር በጣና ዳር፣ በሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት ከብዙ የአገራችን ከተሞች ይልቅ ብስክሌት የለመደች ናት። የአዲስ አበባ ሰው ዳገቱን ቀና ብሎ ያይና ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። እዚህ ግን ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ለዘመናት ሲነዳ ኖሯል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የብስክሌቱ ቁጥር ቢቀንስም ልማዱ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለብስክሌት የሚሆን መስመር ተሠርቶለታል።

በነገራችን ላይ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ያን ጊዜ ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። የሯጮቻችንን ስም ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይጠራል፤ እነዚህን ግን ማን ያነሣቸዋል? ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ቡድን 9 ሰው ይዞ ነበር የገባው። ዘጠኙ ሁሉ ለየራሳቸው ለማሸነፍ አይነዱም። አንዱ ውኃ ያቀብላል፤ ሌላው ከፊት ሆኖ ነፋስ ይከላከላል፤ ጎማ የተነፈሰበትን ጓደኛውን ቆሞ የሚጠብቅም አለ።

ነፋስ ይከላከላል ስንል ምን ማለታችን ነው? ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንነዳ አብዛኛውን ጉልበታችንን የሚበላብን ነፋስ ነው። ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በፍጥነት በሚጓዝ ቡድን ውስጥ ከሌላ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ያህል ሊያተርፍ ይችላል። ፊት የነበረው ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ግን ልብ በሉ! ይህ ጥቅም የሚገኘው በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ነው። ዳቦ ወይም አትክልት ጭኖ ቀስ እያለ ለሚሄድ ሰው ከፊቱ ሰው ኖረ አልኖረ ለውጡ ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ተጠግቶ መንዳት የራሱ አደጋ አለው። የፊተኛው ድንገት ፍሬን ከያዘ የኋለኛው ጎማ ከፊተኛው ይነካካል፤ አንዱ ሲወድቅ ሦስትና አራት ሰው ተከትሎ ይወድቃል። በክረምት ደግሞ ጉድጓዱን ውኃ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በቡድን የሚነዱ ሰዎች ቋንቋ አላቸው። ጉድጓድ ያየ በእጁ ይጠቁማል፤ የሚቆም እጁን ያነሣል፤ ከኋላ መኪና ሲመጣ «መኪና!» ብሎ ይጮኻል። ይህን ሳያስተምር ሰው ሰብስቦ አስፋልት ላይ የሚያወጣ ክበብ ካጋጠማችሁ፣ ኧረ ይቅርባችሁ! ብቻችሁን ብትነዱ ይሻላል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ይኼ ልጅ ክበብ ልግባ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ አትግባ አላልኩም። ግን ያቺ ብስክሌት የሱ ብቻ ናት እንዴ? በየጠዋቱ ዳቦውን ለየሱቁ የምናደርሰው በሷ አይደል? እሑድ ተሰብራ ብትመጣ ሰኞ በምን ልናደርስ ነው?»

«እውነትዎን ነው እማማ» አልናቸውና የክበቡን የመተዳደሪያ ወረቀት አብረን አነበብን። እሳቸው ናቸው ያነበቡት፤ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ነበር። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሳለፉ የመውጫውን ቀንና ሰዓት፣ የወር መዋጮውን፣ ሄልሜት ግዴታ መሆኑን አነበቡ። ወረቀቱ ሲያልቅ ገልብጠው ጀርባውን አዩና፣ «ብስክሌት ቢሰበር ማን ይከፍላል የሚለው የታል?» አሉ።

አልተጻፈም ነበር።

በማግሥቱ አስተባባሪዎቹን ጠየቋቸው። መልሱ «ሁሉም የራሱን ያሠራል» የሚል ሆነ። ይህ መልስ ሐቀኛ ነው፤ ግን ዳቦ በብስክሌት ለሚያደርስ ቤት ከባድ ነው። በዚህ ጉዳይ እኛም እርስ በርሳችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን የቤት መተዳደሪያ የሆነ ዕቃ ለጨዋታ አይወጣም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ልጁ 17 ዓመቱ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል፣ አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ቢውል ምን አለበት አልን። እናትየው ግን የኛን ክርክር አልጠበቁም። ልጁ በአስፋልት መንገድ ብቻ እንዲወጣ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንዲመለስ፣ እሽቅድምድም ውስጥ እንዳይገባ ነግረው ፈቀዱለት። ከሁላችንም የተሻለ ፈርደዋል።

ስለ ሴቶች ልጆች ሳንናገር አናልፍም። ወንድ ልጅ ብቻውን ቢነዳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሴት ልጅ ስትነዳ ግን ከየበረንዳው ለከፋ ይወረወርባታል፤ አንዳንዱ ባለሞተርም ሆን ብሎ ይጠጋታል። ሦስት አራት ሆነው ሲወጡ ይህ ይቀንሳል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከማንም ይበልጥ ክበብ የሚያስፈልጋት ለሷ ነው። ነገር ግን ክበቡ ሴቶችን ለስም መዝግቦ ከኋላ የሚጥላቸው ከሆነ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ተቀጣጥረው ቢነዱ ይበልጣል። ሁለት ሰውም እኮ ቡድን ነው።

ብቻን መንዳት የራሱ ደስታ አለው። ሲያሻችሁ ትወጣላችሁ፤ ሲደክማችሁ ጥላ ሥር ታርፋላችሁ፤ ሰው እንዳይቀድማችሁ ብላችሁ ደረታችሁ እስኪቃጠል አትረግጡም። ለጤና ከሆነ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ይህን ብቻውን ወደ ሥራ ተመላልሶ የሚሞላ ሰው ክበብ አልገባሁም ብሎ የሚያዝንበት ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከከተማ ራቅ ሲሉ ነው። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ የለም፤ ብትወድቁ የሚያነሣችሁ መንገደኛ እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ።

ክበቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሦስት እሑድ አብራችሁ ውጡ። ከመዝገብ ሳትገቡ፣ መዋጮም ሳትከፍሉ ማለታችን ነው። ፊት የሚበረውን ጎረምሳ አትዩ፤ እሱ የትም ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የቀረውን ሰው ተመልከቱ። የሚጠብቀው አለ? ወይስ ሌሎቹ ደርሰው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሊመለሱ ሲሉ ነው እየተነፈሰ የሚደርሰው? ሰንሰለት የወለቀበት ሰው ሲቆም ስንት ሰው አብሮት ይቆማል? አንድም ሰው ካልቆመ፣ መዋጮ እየከፈላችሁ ብቻችሁን መንዳታችሁ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ጥቂት ነገር እንጨምር። ማታውኑ ፍሬኑን ፈትሹ። ትርፍ ከመነዳሪና ጎማ መንፊያ ያዙ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። በየት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ተናገሩ። መንገዱ ላይ ቀኛችሁን ያዙ። ከፊታችሁ ካለው ብስክሌት ራቅ በሉ፤ ዓይናችሁንም ጎማው ላይ አትትከሉ፤ አሻግራችሁ መንገዱን እዩ።

የክበቡ ወረቀት በዚህ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያልተጻፈ ነገር ካገኛችሁ በእርሳስ ከሥሩ ጻፉበት፤ አስተባባሪዎቹ ሐሙስ ማታ መጥተው ያዩታል።