ዕውቀታችሁ ማሳ ይድረስ

የተከበራችሁ የግብርና ኮሌጁ ኃላፊዎችና መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ያበቃችሁ ወላጆች፣ የዕለቱ ባለቤቶች ውድ ተመራቂዎች፤

ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ የምትባለውን አረም በደንብ ያውቃታል። አበባዋ ያምራል፤ ሥሯ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ከመሬት ብቅ ስትል ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ዘሯም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ስለሚቆይ በአረማ ብቻ አትጠፋም።

ለዚህች አረም መላ ከፈለጉት ሊቃውንት አንዱ፣ ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ፣ በጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና በአለማያ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን ገፉበት። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል እምብዛም የማያወጡ ማሽላዎችን ለይተው ከምርታማ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ሆኖም አቀንጭራን የሚቋቋመው ዝርያ ብቻውን አይበቃም። ውጤቱ የሚጎላው ከማዳበሪያና ከእርጥበት ማቆያ ሥራ ጋር ሲቀናጅ ነው። ይህንንም ማሳ ላይ ሠርቶ የሚያሳይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያ ባለሙያ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ናችሁ።

የሥራችሁ ፍሬ ከማሳ አልፎ ለሀገር ይተርፋል። የሕዝባችን አብዛኛው ክፍል የሚኖረው በእርሻ ነው፤ ቡናውና ሰሊጡ ለሀገር የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ገበሬው በሄክታር ጥቂት ኩንታል ሲጨምር ከቀለብ የተረፈው ገበያ ይወጣል። በሽያጩ የልጁን ደብተር፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ የመጪውን ዓመት ምርጥ ዘር ይገዛል። ነጋዴው ይሸጣል፤ ፋብሪካውም ጥሬ ዕቃ ያገኛል። የሀገር ኢኮኖሚ የሚያድገው ከዚህ ትርፍ ተነሥቶ ነው።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ቀበሌ ስትደርሱ ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ። የትኛው መሬት ውኃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ዘር ድርቅ እንደቻለ ገበሬው ያውቃል። አዲሱን አሠራር አስቀድማችሁ በቀበሌው የገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከል ማሳ ላይ ሞክሩት፤ ገበሬው በዓይኑ ያየውን ያምናል።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎችንም አደራ እላለሁ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢና ስብሰባ ጠሪ አታድርጉት። ለዓመታት የተማረው ለማሳ ነውና ጊዜውን ለማሳ ተዉለት፤ መጓጓዣና የሚኖርበት ቤትም አመቻቹለት።

ወላጆች፣ ልፋታችሁ ፍሬ አፍርቷል። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ሥራችሁ ይባረክ!