የመንገደኛ ጓዝ፦ ቀላል ሸክም ይዞ ረጅም መንገድ ስለ መሄድ



ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ አስቀድሞ ከሚያሰላቸው ነገሮች አንዱ ድልድዩ የገዛ ራሱን ክብደት ለመሸከም ምን ያህል አቅም እንደሚፈጅ ነው። ርዝመቱ በጨመረ መጠን፣ ከሚያልፍበት ተሽከርካሪ ይልቅ የራሱ ክብደት እየከበደው ይመጣል። ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ ብዙ ቀን የሚጓዝ እግረኛም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ከባድ ድንኳን ጠንካራ ቦርሳ ይጠይቃል፤ ጠንካራ ቦርሳ ደግሞ ራሱ ከባድ ነው። ሁለቱን የተሸከመ ሰው ወፍራም ጫማ ይሻል፤ በወፍራም ጫማ የሚሄድ ቀስ ስለሚል የተጨማሪ ቀን ስንቅ ያስፈልገዋል፤ ስንቁም ተመልሶ ቦርሳውን ያከብደዋል። መቃለል የሚጀምረውም ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ነው።

ጉዳዩ በስፋት የተፈተነው በአሜሪካ ረጃጅም የእግር መንገዶች ላይ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤማ ጌትዉድ የተባሉት የአሥራ አንድ ልጆች እናት በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ያለውን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአፓላቺያን መንገድ ለብቻቸው በእግራቸው ጨርሰዋል። የያዙት ራሳቸው የሰፉት አንድ ከረጢት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለዝናብ መከላከያ የሚሆን የገላ መታጠቢያ ቤት የላስቲክ መጋረጃ ሲሆን፣ የተጫሙትም ሸራ ጫማ ነበር። ኋላም ሬይ ጃርዲን የተባለ የበረራና የጠፈር መሐንዲስ በ1992 ስለ ፓሲፊክ ክሬስት መንገድ ባሳተመው መመሪያ ይህንኑ በሥርዓት አብራርቶ ጻፈ። ዛሬ በዚያ አገር ከምግብ፣ ከውኃና ከነዳጅ በቀር ያለው ጓዝ ከ4.5 ኪሎ ግራም ካነሰ እጅግ ቀላል ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ለየትኛውም ተራራና ለማንኛውም መንገደኛ እንደ ደንብ የሚወሰድ አይደለም።

ለምን እንደማይሆን ለማየት ስሜን ተራራን መውሰድ ይበቃል። ከአምቢቆ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ ያለው ሽቅብ ወደ 1,350 ሜትር ይጠጋል። ሸክሙን በ10 ኪሎ ግራም የቀነሰ ሰው በዚህ ሽቅብ ላይ የሚያተርፈው ሥራ 132 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በምግብ ሲታሰብ 130 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ጭብጥ ቆሎ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያህል ለሆነች ትርፍ ያ ሁሉ ድካም ለምን ያሰኛል። ነገር ግን ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ዋናው ጉዳት ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ከቧሂት ማለፊያ ወደ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትን ይመታል። በሸክም የከበደ ሰው ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ሚዛኑን መመለስ ይሳነዋል። ስለሚዘገይም ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሜዳ ላይ ያገኘዋል። በእግር ላይ የተጨመረ ክብደት ደግሞ በጀርባ ላይ ከተጨመረው ከአራት እጥፍ በላይ ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ ማቅለል የሚጀመረው ከጫማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በልብስ ረገድ የደጋ ገበሬ ከብዙ ምሁራን ቀድሟል። በርኖሱ በቀን ልብስ፣ በዝናብ መጠለያ፣ በሌሊት መኝታ ነው፤ አንድ ዕቃ ለሦስት ሥራ። ከተሜው መንገደኛ ግን ይህን አይቶ ጋቢውን ይዞ ቢነሣ ይሳሳታል። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ሲርስ በክሩ መካከል የያዘውን አየር በውኃ ይለውጣል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ጸጥ ካለ አየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ሱፍ ግን ቢርስም ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የደጋው ሰው በርኖስና ባና የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ ሌሊት በተረጋገጠበት ቆላ ግን ጋቢን የሚስተካከል የለም።

ስለ መኝታ ሲነሣ ብዙው ሰው የሚያስበው ከላይ ስለሚደረበው ነው። ከበታች ያለው ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ማናቸውም ልብስ በአካል ክብደት ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ መሬቱም ሙቀቱን ይስበዋል። በገጠር አጎዛ የሚነጠፈው ለዚህ ነው። ከግማሽ ኪሎ ያነሰ የስፖንጅ ምንጣፍ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ በላይ ያለው የቦታ መረጣ ነው፤ ይህም ክብደት የለውም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ የሸለቆ ወለል በጸጥተኛ ሌሊት ውርጭ ያድርበታል። ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ያገኘ ሰው አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንደደረበ ይቆጠራል። ነፋስ ከወዴት እንደሚመጣ አይቶ ሸራ መወጠር ለተለማመደው ከድንኳን ይሻላል፤ ላልተለማመደው ግን አይሻልም። ይህ ሰው ድንኳኑን ይሸከም፤ ወይም ከጉዞው በፊት በጓሮው፣ በዝናብ ሌሊት ይለማመድ።

ውኃ ሊቀል የማይችል ጓዝ ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ምንጭ ዘንድ ጠግቦ ጠጥቶ፣ እስከ ሚቀጥለው ምንጭ የሚበቃውን ብቻ መያዝ ይገባል። በ3,600 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለመጠጥ የሚፈላው ሦስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ፣ ባቄላና ሽምብራም ከቤት ተቆልተው ወይም ተፈጭተው ሊመጡ ይገባል። በሶ ነዳጅም ሆነ ድስት አይጠይቅም፤ ለዚህ ጉዞ ከመጡት የታሸጉ ምግቦች ብዙዎቹ አይበልጡትም።

ቅነሳው የት ላይ ይቁም ለሚለው፣ መሐንዲስ የግንባታን ብረት ሲቆጥብ የደኅንነቱን መጠባበቂያ እንደማይነካ ማስታወስ ይበቃል። ደረቅ የሌሊት ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ካርታና የቁስል መጠቅለያ ሁሉም ቢደመሩ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይርቁም። ከእነዚህ አንዱን ጥሎ ቀለልኩ የሚል መንገደኛ ሸክሙን ያስተላለፈው ሊፈልጉት ለሚወጡት ሰዎች ነው። ጊዜም እንዲሁ አይቀነስም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። ሸክሙ ስለቀለለው ሁለት ቀን በአንድ ቀን የሚያልፍ ብርቱ ወጣት ከሁሉ ይልቅ ለከፍታ ሕመም የተጋለጠ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ባለበት ይቆይ፤ መንገዳገድ ወይም መቀባዠር ከታየበት ሌሊትም ቢሆን ባልንጀሮቹ ደግፈው ወደ ታች ያውርዱት።

ከጉዞ መልስ፣ ቦርሳው ሳይታጠብ፣ ዕቃው ሁሉ ወለል ላይ ወጥቶ በሦስት ቢከፈል መልካም ነው፦ በየቀኑ ያገለገለ፣ አንድ ጊዜ ያገለገለ፣ ፈጽሞ ያልተነካ። ሦስተኛው ክምር በሚቀጥለው ጉዞ ቤት ይቀራል፤ ከመድኃኒቱና ከደረቁ ልብስ በስተቀር።