ሩቅ የቆመው ገበሬ፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም እድሳትን ስለ መመዘን



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ አሮጌ የጥቁርና ነጭ ፊልም ታድሶ ለቤት ዕይታ በዲስክ ሲወጣ፣ እድሳቱ ሠምሯል ወይም አልሠመረም ብለን የምንፈርደው በምን መመዘኛ ነው? አብዛኛው ተመልካች ፍርዱን የሚሰጠው በመጀመሪያው ዕይታ ነው። ምስሉ ከጠራ፣ ጭረቱ ከጠፋ፣ ድምፁ ከጎላ «ጥሩ ታድሷል» ይላል። ይህ መመዘኛ ብቻውን አሳሳች መሆኑን፣ በተለይም ለአገራችን ፊልሞች ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ። ለማሳያ የመረጥሁት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው።

ፊልሙን ላላዩት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብ የተማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ወደ አገራቸው መጥተው ይህን ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጹ። ተዋናዮቹ በአብዛኛው በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ነው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የባለርስቱ ታሪክ ነው፤ በመካከላቸውም መሬቱን የተነጠቀው፣ እንደ እብድ የሚቆጠረው፣ እውነቱን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚናገረው ከበበ ይመላለሳል። መጨረሻውን ላላዩት ስል አልናገርም።

የፊልሙ ምድር የጌዴኦ ምድር አይደለም። እዚያ በበሬ የሚታረስ ገላጣ ማሳ ነው፤ እዚህ እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መልክዓ ምድር ነው። ነገር ግን ባለርስትና ጭሰኛ የሚለው ግንኙነት ለጌዴኦ እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ ከባለርስቶች ጋር የተዋጉት በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ፊልሙ ያስቀረው ሥርዓት በሕግ አበቃ። ስለዚህ ይህ ሥራ የጥበብ ሥራ ከመሆኑም በላይ፣ ሊያልፍ ጥቂት ወራት የቀሩትን ዘመን በዐይን ያየ ምስክር ነው። የምስክርን ቃል የሚያድስ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ኃላፊነት አለበት።

አሁን ወደ መመዘኛዎቹ እንግባ። መነሻዬ አንድ ልዩነት ነው፤ ሠሪው ያኖረውን ጊዜ ካመጣው መለየት። በቱቱ ፈላ ወይም በጨልባ ቱቲቲ የቆመ ትክል ድንጋይ ላይ ሁለት ዓይነት መስመር ሊኖር ይችላል። አንዱ የጠራቢው መሮ ያወጣው ነው፤ ሌላው ዝናብና የወደቀ ዛፍ የጫረው ነው። ድንጋዩን «አጸዳለሁ» ብሎ ሁለቱንም የሚፍቅ ሰው ቅርሱን አጥፍቶታል። በፊልምም እንዲሁ ነው። አቧራ፣ ጭረት፣ የመቀደድ ምልክት፣ የምስል መዝለል ጊዜ ያመጣቸው ናቸውና ቢወገዱ ይገባል። የፊልሙ የብር ቅንጣት ግን ምስሉ የተሠራበት ነገር ነው። ቅንጣቱ ምስሉን የሸፈነ ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ ምስሉ ነው።

ይህ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ለምን እንደሚከብድ ቁጥሩ ያስረዳል። የ16 ሚሊ ሜትር አንድ ፍሬም ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 7.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከትንሽ ጥፍር አይበልጥም። የ35 ሚሊ ሜትር ፍሬም በስፋት ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ በትንሹ ፍሬም ላይ አንድ ሰው የሚሣለው በጥቂት ቅንጣቶች ነው። የኃይሌ ካሜራ ደግሞ ገበሬውን ብዙ ጊዜ ከሩቅ ያያል፤ ሰፊ ማሳ ላይ አንድ ነጥብ የሚያህል ሰው ከበሬዎቹ ጋር ይሄዳል። ባለርስቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ገበሬው ሩቅ ሆኖ ይታዘዛል። የፊልሙ ክርክር በዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ምስል የሚያለሰልስ ሶፍትዌር በዚህ ምስል ላይ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ከፍሬም ወደ ፍሬም የሚለዋወጠውን ጥቃቅን ነገር ነው። የሚንቀጠቀጥ ቅንጣትና ሩቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ገበሬ ለእርሱ ተመሳሳይ ሊሆኑ ይችላሉ። በወንበሩ ላይ ያለው ባለርስት ትልቅ ስለሆነ አይጠፋም፤ ገበሬው ግን ከማሳው ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ዓይነት «የጠራ» እድሳት ከፊልሙ የሚፋቀው ፊልሙ የተሠራለት ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ የታደሰ ዲስክ ሲደርሳችሁ የቅርብ ፊቶችን ከማድነቃችሁ በፊት ሩቅ የሚታየውን ምስል አቁሙና ሰውየው አሁንም ሰው መሆኑን እዩ።

ለማለስለስ የሚገፋፋ ሌላ ምክንያትም አለ፤ እርሱም የዲስኩ አቅም ነው። ቅንጣት በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ለመጭመቅ ያስቸግራል፤ ብዙ መረጃ ይፈጃል። 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ላይ 150 ደቂቃ ሲጫን ለእያንዳንዱ ሴኮንድ በአማካይ የሚደርሰው 4.2 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ዲቪዲ በመርሕ የሚፈቅደው ጣሪያ ግን 9.8 ሜጋቢት ነው። ረጅም ፊልም በአንድ ርካሽ ዲስክ ላይ ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚሠዋው ቅንጣቱ ነው። ከዚያ ወደ ስልክ ተቀድቶ እንደገና ሲጨመቅ፣ አብዛኛው ወጣት ፊልሙን የሚያገኘው በዚያ መልኩ ነውና፣ ጉዳቱ ይደራረባል።

ሁለተኛው መመዘኛ የብርሃን ልክ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም የለም፤ ያለው ከጥቁር እስከ ነጭ የሚዘረጋ የግራጫ መሰላል ነው። የአገራችን ገጠር ለዚህ መሰላል ከባድ ፈተና ነው፤ ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ጎን ለጎን ይቆማሉና። የእድሳት ባለሙያ ምስሉ «እንዲደምቅ» የብርሃንና የጨለማውን ልዩነት ከልክ በላይ ከጨመረ፣ የነጠላው ሽመና በነጭነት ይዋጣል፣ ፊቱም በጥቁረት ይሰጥማል። እኛ ደግሞ ነጠላን በእጃችን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ሽመናው መታየት አለመታየቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልገንም። ፊልሙ የሚጀምረው ንጋት ላይ ነው፤ የጎጆው ውስጥ ጨለማ ነው። ያንን ጨለማ አብርቶ እንደ ቀትር ያደረገ እድሳት የሰዓቱን እውነት ለውጧል። ቀለም መቀባትማ ከናካቴው ሌላ ሥራ ነው፤ ጥቁርና ነጭነት የሚጠገን ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው የፍሬሙ ቅርጽ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው 4 ለ 3 በሆነ ቅርጽ ነው፤ የዛሬው ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። ትክክለኛ ዲስክ በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ይተዋል። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ስሕተት ስለሚቆጥር አንዳንድ አሳታሚ ምስሉን ይለጥጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፤ የከሳው ገበሬ ወፍሮ ይታያል። ሌላው ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ የምስሉ ሩብ ይጠፋል፤ ሰማዩ ወይም ገበሬው የቆመበት መሬት ይሄዳል። ስለ መሬት የተሠራን ፊልም መሬቱን ቆርጦ ማሳየት ቀልድ አይደለም።

አራተኛው ጊዜ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። እኛም ስንጠቀምበት በቆየነው የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን 25 ፍሬም ይሄዳል። ቅጂው ሳይስተካከል ከተላለፈ 150 ደቂቃው 144 ደቂቃ ይሆናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ስድስት ደቂቃ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የዚህ ፊልም ዝግታ ግን የአሠራር ድክመት አይደለም፤ የእርሻውን ሥራ፣ የመጠበቁን ርዝመት፣ የትእዛዙን መደጋገም በተመልካቹ አካል ላይ የሚያሳርፍ ነው። በዲስኩ ሽፋን ላይ ያለውን ርዝመት ማየት ቀላሉ ምርመራ ነው።

አምስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ድምፅ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ላይ ያለው የብርሃን ድምፅ ጠባብ ነው፤ ሹክሹክታና ፍንጥርጣሪ ይበዛበታል። ፍንጥርጣሪ የሚያጠፋ ሶፍትዌር የሚያሳድደው አጭርና ድንገተኛ ድምፅን ነው። አሁን የአማርኛን ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ አስቡ፤ እነዚህ ፈንጂ ድምፆች አጭርና ድንገተኛ ናቸው። አማርኛ የማያውቅ ባለሙያ ማጽጃውን አጥብቆ ቢጠቀም ሊያለዝባቸው ይችላል፤ «ጥል» የተባለው «ትል» ሆኖ ሊሰማ ነው። ይህን ስሕተት በሌላ አገር ያለ ምርጥ ላቦራቶሪ በመሣሪያ ሊደርስበት አይችልም፤ ቋንቋውን የሚሰማ ጆሮ ግን ወዲያው ይይዘዋል። የከበበ ንግግር የፊልሙ ልብ እንደ መሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪ አድማጭ የሌለበት እድሳት ግማሽ እድሳት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የትርጉም ጽሑፍ ነው። በድሮ ቅጂዎች ላይ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በምስሉ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ካለ ቅጂ የተነሣ እድሳት የምስሉን ግርጌ ለዘለዓለም ያጣዋል። በመልካም ዲስክ ላይ ጽሑፉ የሚበራና የሚጠፋ ነው። ያ ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ መወሰኑ ለምን? በጌዴኡፋ የትርጉም ጽሑፍ ማዘጋጀት ከምስል እድሳቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ወጪ ነው፤ ሥራውንም እዚሁ የሚሠራ ሰው አለ።

በአህጉራችን አርአያ የሚሆን ሥራ አለ። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት «ላ ኑዋር ደ» ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን፣ በቀለም የተሠራ አንድ አማራጭ ክፍልም ነበረው። ክራይቴሪየን እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰውን ቅጂ በዲስክ ሲያወጣ፣ ዋናውን ፊልም በጥቁርና ነጭ አቅርቦ የቀለሙን ክፍል ለብቻው አስቀመጠ። አሳታሚው ምርጫውን አልደበቀም፤ ተመልካቹ ሁለቱንም አይቶ እንዲፈርድ ሰጠው። እዚህ ላይ ስድስተኛው መመዘኛ ይገኛል፤ ግልጽነት። ምንጩ ነጌቲቭ ነው ወይስ የተባዛ ቅጂ? በምን መጠን ስካን ተደረገ? ብርሃኑን ማን አጸደቀው? ይህን የማይናገር ዲስክ ዳኞቹን መረጃ ነፍጓቸዋል።

አዳሾቹን በከንቱ እንዳንወቅስ ደግሞ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲባዛ 150 ደቂቃ 216,000 ፍሬም ነው። ሁሉንም በሰው ዓይን ማረም ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ማሽኑ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥቂት ጭረት የተረፈበትን እድሳት ለመኮነን አንቸኩል። ጭረት የቀረበት ዲስክ ነገ ሊታረም ይችላል፤ ፊት የተፋቀበት ዲስክ ግን ለተመልካቹ ሌላ ፊልም ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆንብኝ ጭረቱን እመርጣለሁ።

ዲስኩ ራሱም ማስቀመጫ አይደለም። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራበት አሲቴት በሙቀትና በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ይሸበሸባል፤ ያጥራል። ነጌቲቩ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ እስካለ ድረስ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ እንደገና መነሣት ይቻላል። እርሱ ከጠፋ የመጨረሻው እድሳት ስሕተቱን ይዞ ዋናው ይሆናል።

ለዚህ ዩኒቨርሲቲ የማቀርበው ሐሳብ ውስን ነው። የቋንቋ፣ የታሪክና የኪነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎች በአንድነት አንድ የታደሰ የኢትዮጵያ ፊልም በየዓመቱ ይመርምሩ። የፎኖሎጂ ተማሪዎች ድምፁን ያድምጡ፤ የታሪክ ተማሪዎች ከጭሰኝነት ዘመን ከተረፉ አዛውንቶች ጋር አብረው ይዩትና «ይህ እንዲህ ነበርን?» ብለው ይጠይቁ። የተገኘው ውጤት በጽሑፍ ለአሳታሚውና ለፊልሙ ባለቤት ይላክ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በልኩ የተስተካከለ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጨለማ ክፍልና ቋንቋውንና ኑሮውን የሚያውቅ ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ሁለቱ በየትም አገር ይገኛሉ። ሦስተኛው ግን በብዛት ያለው እዚህ ነው።