ፓምፑ ሲወጣ አጠገቧ ማን ይሆናል?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

እዚህ አሜሪካ ውስጥ መረዳጃ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሐዘንን ነው። ዛሬ ግን የሕመም ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። አንዲት አባላችን ሆዷ ላይ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረውን የመድኃኒት ፓምፕ በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት ቀጠሮ ይዛለች። የምንነግራችሁ በፈቃዷ ነው።

ፓምፑ ክብ ብረት ነው። በቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን በቀጥታ አከርካሪ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ያደርሳል። ለከባድ ሕመም ሞርፊን፣ ለጡንቻ መወጠር ባክሎፌን ይሞላበታል። የእሷ ባክሎፌን ነው፤ ጥቅሙ እያነሰ ስለሄደ ይውጣ ተባለ።

«ብረቱ ከወጣ ተገላገለች» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ባክሎፌን በድንገት ከተቋረጠ ከፍተኛ ትኩሳት፣ መቃዠትና ከበፊቱ የባሰ የጡንቻ መወጠር ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ከወጣ በኋላም የአከርካሪው ፈሳሽ ሊያፈስና ቀና ስትል የሚብስ ራስ ምታት ሊያስከትል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። እነዚህን ምልክቶች አይቶ ቶሎ ሐኪም የሚጠራ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋል።

ሂሳቡ እዚህ ላይ ነው። የሆስፒታሉ ቢል የምታስታምመዋ እህት ያጣችውን የቀን ደመወዝ አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለታማሚ ቤተሰብ እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ክፍያ ግን የለውም። ቤተሰብ የሚለውም የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወላጅን ነው። እህት፣ አበልጅ፣ ጎረቤት የሉበትም። የእኛ አባል ያሏት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

ስለዚህ «የአስታማሚ ድጎማ» የሚል የሂሳብ መደብ እንዲከፈት እንጠይቃለን። ከሥራ ቀርታ ለምታስታምም አባል ካጣችው ደመወዝ ከፊሉ ይተካላት። ለአስተርጓሚ በጀት አንይዝም፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው።

አንዳንድ እህቶች «ማስታመም በገንዘብ አይለካም» ብለዋል። እውነት ነው። የቤት ኪራይ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ልቧ እየፈለገ በኪራይ ምክንያት የምትቀር እህት አለችን።

ደጋፊዎቻችን፤ ይህ ወጪ የሆስፒታል ደረሰኝ የለውም። በምትኩ አስታማሚዋ የቀረችባቸውን ቀናት የሚገልጽ የአሠሪዋን ደብዳቤ ከሂሳቡ ጋር እናያይዛለን።

ቀጠሮው ሳይደርስ ዛሬውኑ ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።