ተለዋዋጭ ከዋክብትና የተመልካቹ መዝገብ



ከዋክብት ሁሉ ዘወትር ባንድ ዓይነት ብርሃን የሚያበሩ ይመስላሉ። ሆኖም ብርሃናቸው በሰዓታት፣ በቀናት ወይም በወራት ውስጥ የሚደምቅና የሚደበዝዝ አያሌ ናቸው። እነዚህም ተለዋዋጭ ከዋክብት ይባላሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ምሥጢራቸው የተገለጠው በመሣሪያ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ተመልካቾች ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በመመዝገባቸው መሆኑን ማስረዳት ነው።

በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ጉድሪክ በሕፃንነቱ የመስማት ችሎታውን ያጣ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ አልጎል የተባለው ኮከብ ደብዝዞ አየ። ከጎረቤቱ ከኤድዋርድ ፒጎት ጋር ለወራት ከተከታተለው በኋላ፣ ድብዘዛው በ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ እንደሚመላለስ ደረሰበት። ምክንያቱን ሲገልጽ፣ ምናልባት አንድ ጨለማ አካል እየዞረ ይጋርደው ይሆናል፤ አለዚያም የኮከቡ ገጽ ጠቆር ያለ ክፍል ይኖረው ይሆናል ሲል ሁለቱንም ግምት አቀረበ። ጉድሪክ በ1786 ሲያርፍ ዕድሜው 21 ዓመት ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል አልጎልን የሚጋርድ ጓደኛ ኮከብ መኖሩን በብርሃን ትንተና ያረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1889 ነው።

ጉድሪክ በ1784 ተለዋዋጭነቱን ያወቀው ዴልታ ሴፊ ደግሞ ሴፊድ ለሚባሉት ከዋክብት ስም ሆኖ ቀረ። አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሌቪት 25 ሴፊዶችን በፎቶግራፍ መርምራ፣ የመለዋወጫ ጊዜው የረዘመ ኮከብ ብርሃኑም የበለጠ መሆኑን በ1912 አስታወቀች። ይህም የርቀት መለኪያ ሆነ። ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ያገኘውን ኮከብ በመጀመሪያ ኖቫ ብሎ ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ከቀደሙት ፎቶግራፎች ጋር ሲያመሳክረው ግን ሴፊድ ሆኖ አገኘው። በዚህም አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑ ታወቀ።

የአመለካከቱ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄን ይጠይቃል። ተመልካቹ በቴሌስኮፑ ውስጥ ተለዋዋጩን ኮከብ ብርሃናቸው ከታወቀ ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ያወዳድራል። አንደኛው 8.0፣ ሁለተኛው 9.0 የብርሃን ደረጃ ቢኖራቸውና ተለዋዋጩ በመካከላቸው ቢሆን 8.5 ብሎ ከነሰዓቱ ይጽፋል። ቀይ ኮከብ ትክ ብለው ሲያዩት ከእውነተኛው ይልቅ ደምቆ ስለሚታይ፣ በአጭር በአጭሩ መመልከት ይገባል። የትናንቱን ግምት አስቀድሞ ማንበብም አይገባም፤ ዓይን የሚጠብቀውን ለማየት ይቸኩላልና። ኮከቡ ጨርሶ ካልታየም፣ በዚያ ሌሊት የታየው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ደረጃ ይመዘገባል።

ምንም ያልተለወጠበት ሌሊት ጥቅም የሚታወቀው ፒጎት በ1795 ባገኘው በአር ኮሮና ቦሪያሊስ ነው። ይህ ኮከብ ለዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም በድንገት፣ ራሱ በሚያወጣው የካርቦን ጥላሸት ተጋርዶ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ እስከማይታይ ድረስ ይደበዝዛል። በ2007 የጀመረው ድብዘዛ ለበርካታ ዓመታት ቆይቷል። ቀደም ባሉት ሌሊቶች «ለውጥ የለም» ብሎ የጻፈ ባይኖር ኖሮ፣ ድብዘዛው መቼ እንደ ጀመረ ለይቶ ማወቅ ባልተቻለም ነበር።

በ2022 የወጣው የጋያ መንኮራኩር ውጤት ከ10 ሚሊዮን በላይ ተለዋዋጭ የብርሃን ምንጮችን ይዟል። ይህ ግን የትንሹን ቴሌስኮፕ ባለቤት ሥራ ፈት አያደርገውም፤ ብዙ ትልልቅ መሣሪያዎች እጅግ ደማቅ የሆኑትን ከዋክብት በሚገባ መለካት አይችሉምና። በአዲስ አበባ አጠገብ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆንዋም ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ይታይባታል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ጉድሪክ የጻፈው ለፎገል ተርፏል። ዛሬ ማታ የሚጻፈው አንድ መስመርም ጸሐፊው ለማያውቀው ተመራማሪ መነሻ ሊሆን ይችላልና፣ ሰዓቱ በትክክል ይያዝ፤ አጠራጣሪው አጠራጣሪ ተብሎ ይጻፍ።